አንድ ስልክ ቁጥር፣ ሦስት መዝገብ፦ በጅማ የደላላ ሰንሰለትን ለመክሰስ የሚገኘው የሕግ አገልግሎት ሲመዘን

ከጅማ ከተማም ሆነ ከዞኑ ገጠር ወረዳዎች ብዙ ወጣት፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር ይሄዳል። ከፊሉ በሕጋዊ ኤጀንሲ ኮንትራት ፈርሞ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የሰፈር ሰው "እኔ አደርስሻለሁ" ብሎት። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ሁለተኛዎቹን ነው። ደላላው ገንዘቡን ተቀብሎ ልጅቱን መንገድ ላይ ለሌላ ተቀባይ አሳልፎ ሲሰጣትና ድምፅዋ ሲጠፋ ቤተሰቡ የሚያንኳኳው የሕግ በር ምን ይሰጣል? ከፖሊስ ጣቢያ ጠረጴዛ ተነስተን እስከ ካሳ ድረስ ያለውን መንገድ መዝነነዋል። መለኪያችን አንድ ነው፤ አገልግሎቱ የሚይዘው የሰፈሩን ሰውዬ ብቻ ነው ወይስ ከጀርባው ያለውን ሰንሰለት?

ዋጋውን በቅድሚያ። ወንጀል ለማመልከት የሚከፈል የዳኝነት ክፍያ የለም፤ የሚከሰውም ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ጠበቃ መቅጠር ግዴታ አይደለም። የሚወጣው የመጓጓዣ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የትርጉምና ከሁሉም የሚከብደው የሥራ ቀን ነው። አዲስ አበባ መመላለስም አያስፈልግም። በሰው መነገድ በፌዴራል አዋጅ የሚያስቀጣ ወንጀል ቢሆንም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራሉን የዳኝነት ሥልጣን በውክልና ይሠራሉ። 346 ኪሎ ሜትር መንገድ ለቀረለት ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አገልግሎቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው በመዝገቡ ስም ነው። ጣቢያ የደረሰ አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ብሩ ነው፤ "ይህን ያህል ሺህ ብር በልቶኛል" ይላል። መርማሪው የሰማውን ከጻፈ መዝገቡ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 "ማታለል" ሆኖ ይከፈታል፤ የዚህ መነሻ ቅጣት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ያው ታሪክ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድ ተብሎ ሲከፈት ግን ከ7 እስከ 12 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ20,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነች እስራቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት፣ መቀጮው ከ30,000 እስከ 100,000 ብር ይሆናል።

ልዩነቱ የዓመት ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነሳነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሠራው መነሻው ከግምት ሳይገባ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በሰው መነገድ ጣሪያው 12 ወይም 20 ዓመት ስለሆነ ጥበቃው ይከፈታል፤ ተራው ማታለል ግን 5 ዓመት ላይ ስለሚቆም በሩ ዝግ ነው። እንግዲህ አባትየው በመጀመሪያው ቀን የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከወራት በኋላ ጎረቤትየዋ ለምስክርነት ስትጠራ ከመጋረጃ ጀርባ መናገር ትችል እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስናል ማለት ነው። ጣቢያ በር ላይ ይህን የሚነግር ሰሌዳ ቢሰቀል ምን ነበረበት?

ስለዚህ ቃል ሲሰጥ ብሩ መጨረሻ ይምጣ። በቅድሚያ መነገር ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ድርጊቱ ነው፤ ማን መለመላት፣ ማን አጓጓዛት፣ ማን ቤት አሳደራት፣ ማን ለማን አስረከባት። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ምን ተብላ ተታለለች፣ ምን ዛቻ ደረሰባት፣ በየትኛው ችግሯ ተጠቀሙባት። ሦስተኛው ዓላማው ነው፤ ደመወዝ መከልከል፣ ፓስፖርት መንጠቅ፣ በዕዳ ማሠራት፣ ለወሲብ ማስገደድ። ልጅቱ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ሁለተኛውን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ እሱ ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ይዞ መሄድ ግን ግድ ነው። ደላሎች ለፓስፖርት ሲሉ ዕድሜ እንደሚጨምሩ የታወቀ ስለሆነ ፓስፖርቱን ብቻ ማቅረብ ራስን መጉዳት ነው።

"በፈቃዷ ነው የሄደች" የሚለው መልስ ብዙ ቤተሰብ አንገቱን ደፍቶ ከጣቢያ እንዲመለስ ያደርጋል። በማታለል፣ በዛቻ ወይም በችግር መጠቀሚያነት የተገኘ ፈቃድ ተከሳሹን አያድነውም። ሄዳ የምትሠራው ሥራና ደመወዙ በውሸት ከተነገራት የተስማማችው ለሌላ ነገር ነው። በሌላ በኩል፣ የብዝበዛ ዓላማ ሳይኖር ድንበር ብቻ ካሻገራት ወንጀሉ በሰው መነገድ ሳይሆን ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው፤ አዋጁ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ላይ ቃል ሰጪው ባያጋንን ይሻላል። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ አንድ የተጋነነ ነገር ከተገኘ እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል።

የጅማ ፖሊስና ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገር አመልካች ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ከተጻፈ በኋላ በሚገባው ቋንቋ እንዲነበብለት መጠየቅ አለበት፤ ሳያስነብብ አይፈርምም። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቀን ተጽፎበትና በአቅራቢው ተፈርሞበት እንዲቀመጥ ያዛል። የስልክ ቁጥር፣ የብር መጠንና ቀን አንድ በአንድ ይጣራ። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ይገለጽ፤ የበረራ ትኬትና የባንክ ደረሰኝ በፈረንጅ፣ የቤተሰቡ ቃል በኢትዮጵያ ሲሆን የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ብቻውን ለተከላካይ ጠበቃ የሚያምር ቀዳዳ ነው። ከጣቢያው ሲወጡ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ጽፎ መያዝ አይረሳ።

ማስረጃ ላይ ትልቁ ስህተት ስልክ መቀየር ነው። በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የመጣው የድምፅ መልእክት ከነስልኩ ይቀመጥ። ስክሪንሾት ይረዳል፤ ግን ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ራሱ ስልኩ ነው። ቤተሰብ ተናዶ የደላላውን ቁጥር ብሎክ ሲያደርግ ወይም መልእክቱን ሲያጠፋ መዝገቡ አብሮ ይመነምናል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒዩተር ትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ ላይኖር ይችላልና "ልጅቱ ትመለስና እንከሳለን" ብሎ ሁለት ዓመት መጠበቅ በሰነዱ ላይ መፍረድ ነው።

የገንዘቡ ዱካ ከምስክር የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ምስክር ይፈራል፣ ደረሰኝ አይፈራም። የባንክ ማስተላለፊያ፣ የቴሌብር የግብይት ቁጥር፣ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ በቀን ተራ ይሰለፍ። በጥሬ ገንዘብ ከተሰጠ ቦታው፣ ሰዓቱና በአጠገቡ የነበረው ሰው ይጻፍ። ሌላም ጠቃሚ ምልክት አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ የቪዛንና የጉዞ ትኬትን ወጪ በአሠሪው ላይ ያደርጋል፤ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ በሠራተኛው ነው። እንግዲህ "ለቪዛ" ወይም "ለትኬት" ተብሎ የተከፈለ ብር ካለ፣ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ቃል በቃል ይመዝገብ፤ አሠራሩ ሕጋዊ እንዳልነበረ ብቻውን ይናገራል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። ደላላ ብቻውን አይሠራም። መልማዩ የሰፈር ሰው ነው፣ አንዳንዴም ዘመድ፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያሳድር ሌላ ነው፤ ድንበር ላይ የሚቀበል ሌላ፤ ባሕር ማዶ ሆኖ የሚያስከፍል ሌላ። አንዱ ወረዳ አንድ ተጎጂ ይዞ አንድ መዝገብ ከከፈተ፣ ሌላውም እንዲሁ ካደረገ፣ ሦስት መልማዮች በሦስት ችሎት ይቆማሉ፤ አሳዳሪውና ተቀባዩ ግን በአንዱም መዝገብ አይጠሩም። በዚህ የተነሳ ነው የወንጀል ሕግ ቡድንን የሚያሸንፈው መዝገቦችን በመስፋት እንጂ በማብዛት አይደለም የምንለው። መስፊያው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስልክ ቁጥር ወይም አንድ የባንክ ሒሳብ ነው። ቤተሰቡ በዚያው ቁጥር የተታለለ ሌላ ሰው ካወቀ፣ ስሙንና ወረዳውን ለመርማሪው ይንገር፤ መዝገቦቹ እንዲጣመሩም ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ያመልክት። ተቀባዩ ከክልሉ ውጪ ከሆነ ፌዴራል ፖሊስ እንዲያውቀው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለዚህ የሚያገለግሉት የወንጀል ሕጉ ድንጋጌዎች የታወቁ ናቸው። ቁጥር 32 ዋና ወንጀል አድራጊን፣ 36 አነሳሽን፣ 37 አባሪን ይይዛል። ቁጥር 38 ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ለወንጀል የሚያድሙትን ይመለከታል፤ ከባድ ወንጀል ለመፈጸም ማደም ደግሞ በቁጥር 478 ለብቻው ያስቀጣል። ቁጥር 84(1)(መ) በስምምነት፣ በቡድን አባልነት፣ በተለይም በአለቃነት ወይም በአደራጅነት መፈጸሙን ጠቅላላ የቅጣት ማክበጃ ያደርገዋል። ቁጥር 34 የሕግ ሰውነት ያለውን ድርጅት ስለሚያስጠይቅ በስመ ኤጀንሲ የሚሠራውንም ይነካል። ተጎጂዎቹ ብዙ ከሆኑና ክሱ በየተጎጂው ከተዘረዘረ በቁጥር 184 መሠረት ቅጣቱ ይደመራል፤ ጣሪያው ጽኑ እስራት የሚደርስበት 25 ዓመት ነው። መሣሪያው ምሉዕ ነው ባንልም እጅ የሚያጥር አይደለም። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ በቡድኑ አባል መሆንን ብቻውን፣ የተለየ የወንጀል ስምምነት ሳይፈለግ፣ በከባድ ቅጣት የሚይዝ ሰፊ ድንጋጌ።

ጣሊያኖች ይህን ክፍተት የዘጉት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1982 ነው። ከዚያ በፊት ማፍያን እያንዳንዱን ግድያ ለየብቻ ሲከስሱ ምስክር አፉን እየዘጋ ተከሳሹ በማስረጃ እጦት ነጻ ይወጣ ነበር። በወንጀል ሕጋቸው 416-ቢስ የሚባለው አንቀጽ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆኖ በማስፈራራት ኃይል የሚንቀሳቀስን ማኅበር አባልነቱን ራሱን ወንጀል አደረገው፤ ያው ሕግ ንብረታቸውንም እንዲወረስ ፈቀደ። በየካቲት 1986 ፓሌርሞ ላይ የተጀመረውና በታኅሣሥ 1987 ፍርድ ያገኘው ትልቁ ችሎት ወደ 470 የሚጠጉ ተከሳሾችን በአንድ መዝገብ ያቆመው በዚህ ነው። በአንድ መዝገብ የሚለው ይሰመርበት። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የድንበር ዘለል የተደራጀ ወንጀል ስምምነትም ቡድንን የሚተረጉመው በሦስት ሰው፣ በጊዜ ቆይታ፣ በጋራ ዓላማና በጥቅም ነው። የጅማ መዝገብ ላይ እነዚህን አራቱን ማስረዳት ከተቻለ የማክበጃው ክርክር ወገቡ ይጠናል።

የጊዜ ቀጠሮው ወቅት፣ ማለትም ተጠርጣሪው ተይዞ ምርመራው የሚካሄድበት ጊዜ፣ አገልግሎቱ ቶሎ የሚሄድበት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ለጉዞ የሚወስደው ምክንያታዊ ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ ለአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድለትም። መዝገቡ ከደረሰው በኋላ ዐቃቤ ሕግ በ15 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠርታል። ተጨማሪ ምስክር፣ ተጨማሪ ደረሰኝ፣ የሌላ ተጎጂ ስም የሚገባው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው። ቤት ይበርበር ከተባለም ፍርድ ቤት ካላዘዘ በስተቀር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው፤ በሌሊት ተበርብሮ የተገኘ ፓስፖርት ክርክር ያስነሳል።

ዋስትና ላይ ብዙ ሰው "ለምን ተለቀቀ" ብሎ ይማረራል። ዋስትና መብት ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚከለክለው ምክንያት ሲቀርብለት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 ሦስቱን ያስቀምጣል፦ ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ ከመሰለ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ከተገመተ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ከተሰጋ። ሦስተኛው የቤተሰቡ ሥራ ነው። የመጣው የዛቻ ስልክ፣ የተላከው ሰው፣ የቀረበው ገንዘብ ከነቀኑ ተጽፎ ከቀጠሮው በፊት ዐቃቤ ሕግ እጅ ካልገባ ዳኛው የሚያየው ባዶ ወረቀት ነው።

የምስክር ጥበቃው በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ቤትና ንብረትን መጠበቅ፣ መኖሪያ መቀየር፣ ማንነትን መሸሸግ፣ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ መመስከር፣ አለፍ ሲልም ለቡድኑ ሲሠራ ለነበረና ምስጢሩን ለሚያወጣ ሰው ከክስ ነጻ መሆን ይገኝበታል። ሰንሰለቱን ከውስጥ የሚፈታው ይህ የመጨረሻው ነው፤ አንድ ሾፌር ወይም አንድ አሳዳሪ ከተናገረ አለቃው ይታወቃል። ጅማን በመሰለ፣ መልማዩና ተጎጂዋ አንድ ዕድር ላይ በሚገናኙበት ቦታ ግን ስምን መሸሸግ አስቸጋሪ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ የተነገረው ዝርዝር ራሱ ተናጋሪውን ያሳብቃል። ተከሳሽም ማስረጃውን የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት ስላለው ዳኛው ሁለቱን ይመዝናል። ስለዚህ የጽሑፍ ማስረጃ ሳይያዝ በምስክር ብቻ ወደ ችሎት መሄድን አንመክርም።

ሽምግልና ሌላው ስስ ቦታ ነው። ጃርሱማ የሚባለው የኦሮሞ የሽምግልና ሥርዓት በአካባቢው የተከበረ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ብሩን ማስመለስ ይችሉ ይሆናል። በሰው መነገድ ግን በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ ወንጀል ስላልሆነ ቤተሰብ ታርቄያለሁ ቢልም መዝገቡ አይዘጋም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ ምስክሮቹ ይቀራሉ፣ ተከሳሹ በማስረጃ ጉድለት ይሰናበታል፣ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሰፈር ይመለምላል። ብር መቀበል የግድ ከሆነ ስለ ወንጀሉ አንድም ቃል የማይጽፍ፣ የመለሰውን መጠንና ምክንያቱን ብቻ የሚገልጽ ደረሰኝ ይዘጋጅ፤ ግልባጩም መዝገቡ ላይ ይያያዝ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ከዚህ ሁሉ ጋር እንዴት ይገጥማል? ከሳሽ ሊሆንላችሁ አይችልም፤ ያ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ለአቅመ ደካማ ሰው ታሪክን በቀን ተራ ለማስጻፍ፣ የካሳ ጥያቄ ለማርቀቅ፣ ጎረምሳ ጉዳይ አስፈጻሚ ከሚያስከፍለው ለመዳን ግን ትክክለኛው ቦታ ነው። ሲሄዱ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የደረሰኞቹን ኮፒና መታወቂያ ይዞ መሄድ ምልልሱን ይቀንሳል።

የመጨረሻው ክፍል ንብረት ነው፤ ቡድን የሚያመውም እዚህ ነው። የታሰረው ይተካል፣ የተወረሰ ቤት ግን አይተካም። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰል በአዋጅ ቁጥር 780/2005 ከ10 እስከ 15 ዓመትና እስከ 100,000 ብር ያስቀጣ ነበር፤ በሰኔ 2017 ምክር ቤቱ በዚህ ጉዳይ አዲስ አዋጅ ስላጸደቀ የትኛው እንደሚጠቀስ የሚወስነው ገንዘቡ የተላለፈበት ቀን ነው። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም፤ አዲሱ ለተከሳሹ የሚቀል ከሆነ ብቻ ይሠራለታል። በዚሁ ዓመት የንብረት ማስመለስ አዋጅም ጸድቋል። በተግባር ችግሩ የንብረት እገዳው መዘግየቱ ነው። ደላላው በተያዘ ማግስት መኪናው ይሸጣል፣ ቤቱ በሚስት ወይም በአማች ስም ይዞራል። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚያውቀውን ንብረት፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የቤቱን ቀበሌ፣ የተሠራበትን ዓመት፣ በመጀመሪያው ቃል ላይ ያስመዝግብና ዐቃቤ ሕግ እገዳ እንዲጠይቅበት ያመልክት።

ካሳ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት በዚያው በወንጀሉ ችሎት መጠየቅ ይቻላል። የካሳ ጠያቂዎቹ ቁጥር በዝቶ ክርክሩን የሚያዘገይ ከሆነ፣ ወይም ተከሳሹ በሌለበት እየተከሰሰ ከሆነ፣ ጥያቄው በቁጥር 155 ውድቅ ተደርጎ ወደ ፍትሐ ብሔር ይላካል። መዝገቦቹን መስፋት ቡድኑን ቢያስይዝም የካሳውን ጥያቄ ከወንጀሉ ችሎት ሊያስወጣው ይችላል ማለት ነው። እኛ ብንመርጥ አሁንም መስፋቱን እንመርጣለን፤ የደመወዙ፣ የሕክምናውና የተከፈለው ብር ዝርዝር ግን በየተጎጂው ተለይቶ ከነደረሰኙ ከወዲሁ ይዘጋጅ፤ ፍትሐ ብሔር ሲኬድ የሚጠየቀው ያው ወረቀት ነው።